የተቆለፈው ጎተራ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬውን ዝግጅት የምጀምረው አንዲት እናት ባደረሰችን ጥያቄ ነው። የሦስት ዓመት ልጇን ትኩሳት ለቀናት ሲያንገላታው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ምርመራው ሁለት ነገር አሳየ፤ ልጁ የሳንባ ምች ይዞታል፣ ደሙም አንሷል። እናትየው «ለደሙስ ምንም አይሰጡኝም?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙም «እሱ ይቆይ፤ አስቀድመን ምቹን እናክመው። ሲያገግም ትመለሳላችሁ፤ የብረት መድኃኒቱን ያኔ እንጀምርለታለን» አላት። ልጁ ድኗል፤ ተመስገን ነው። ጥያቄው ግን ከእናትየው ልብ አልወጣም። «ልጄ ብረት አንሶታል እያሉ ብረቱን ለምን አቆዩበት?» ትላለች።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት በዓይን ወደማይታየው ባክቴሪያ ውስጥ መግባት አለብን። እዚያ ውስጥ ብረት መኖር አለመኖሩን ሌት ተቀን የሚከታተል፣ ባገኘው መጠንም የባክቴሪያውን ጂኖች የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ትንሽ ፕሮቲን አለ። ሐኪሙ ለምን እንዳቆየው የምንረዳው የዚህን ፕሮቲን ሥራ ስናውቅ ነው። በወጋችን መሐል የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስባችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ብረት ስል ማረሻና ምስማር የሚሠራበትን ያንኑ ብረት ማለቴ ነው። በአንድ ጤናማ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም የሚሆን ብረት አለ። ተሰብስቦ ቢመዘን ከአንድ ትንሽ ምስማር አይበልጥም። ሥራው ግን ከባድ ነው። ሁለት ሦስተኛው ያህል በቀይ የደም ሴሎቻችን ውስጥ፣ ሄሞግሎቢን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ ከሳንባ የተቀበለውን ኦክስጅን ለመላው አካላችን ያደርሳል። የቀረው ምግብን ወደ ጉልበት ለመለወጥ፣ ሴል ሲባዛ አዲስ ዲኤንኤ ለመሥራትና ለሌላም ለሌላም ይውላል።

ባክቴሪያ ደም የለውም። እሱም ቢሆን ግን ጉልበት ማመንጨትና መባዛት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ብረት የግድ ያስፈልገዋል። በአንጀታችን የሚኖረውን ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ብንወስድ፣ አንዱ ሁለት ለመሆን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የብረት አቶሞችን ይፈልጋል። ምቹ ሁኔታ ካገኘ ደግሞ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል። እንግዲህ ባክቴሪያ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ ምን ያህል የብረት ረሃብ ይዞ እንደሚገባ አስቡት።

ሰውነታችንም ይህን ረሃብ ያውቃል፤ ብረቱን ሜዳ ላይ አስጥቶ አይተወውም። አስተዋይ ገበሬ እህሉን ወቅቶ፣ አበራይቶ፣ ጎተራ አስገብቶ እንደሚዘጋው ሁሉ፣ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ጠባቂ አለው። በጉበትና በሌሎች ሴሎች ውስጥ ፌሪቲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ውስጡ ባዶ ሉል ነው፤ አንዱ ፌሪቲን ብቻውን እስከ 4,500 የብረት አቶሞችን ያከማቻል። ጎተራው እሱ ነው። ብረት ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓዝ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ትራንስፈሪን የሚባል ፕሮቲን ሁለት ሁለት አቶም አቅፎ በደም ውስጥ ያጓጉዘዋል። በጤና ጊዜ ከትራንስፈሪን ክንዶች የተያዙት ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ባዶ ናቸው። ስለዚህ ድንገት ያመለጠ ብረት ቢኖር ወዲያው አፈፍ ያደርጉታል።

ውጤቱ ምን ይመስላችኋል? ከአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ጠባቂ የሌለው፣ ልቅ የሆነ የብረት አቶም ቢፈለግ፣ በስሌት አንድ እንኳ አይሞላም። መቶ ሺዎችን ለሚፈልግ ባክቴሪያ ይህ ምድረ በዳ ነው።

በሽታ ሲገባ ጥበቃው ይጠነክራል። ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሄፕሲዲን ከምግብ የሚገባውን ብረት አንጀት ላይ ያግደዋል፤ አሮጌ የደም ሴሎችን እያፈረሱ ብረታቸውን የሚመልሱ ሴሎችንም «የያዛችሁትን አትልቀቁ» ይላቸዋል። በሰዓታት ውስጥ በደም የሚዘዋወረው ብረት ያሽቆለቁላል። ወደ ቁስሉ የሚሮጡት ነጭ የደም ሴሎችም ላክቶፈሪን የተባለ ሌላ ብረት ያዥ ይዘው ይደርሳሉ። ይኸው ላክቶፈሪን በእንባችን ውስጥ አለ፤ በእናት ጡት ወተት ውስጥ አለ፤ በእንገር ውስጥ ደግሞ እጅግ በብዛት አለ። እንገሩን ለአራስ ልጃችሁ አጥቡት እያልን ደጋግመን የምንመክረው ከዚህም የተነሳ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ የብረት ጥበቃ የተገለጠው በእንቁላል ነጭ አማካይነት ነበር። በ1944 አርተር ሼድና ሊኦና ካሮላይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የተቅማጥ ባክቴሪያ በሚያድግበት መረቅ ውስጥ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ጨመሩ። ባክቴሪያው ማደጉን አቆመ። ምን አጥቶ ይሆን ብለው የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን በየተራ ጨመሩለት፤ አንዱም አላነቃው። ብረት ሲጨምሩለት ግን ተነሳ፤ እንደገና መባዛት ጀመረ። በእንቁላሉ ነጭ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ብረቱን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞበት ኖሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን ፕሮቲን በሰው ደም ውስጥ አገኙት፤ ያ ነው ዛሬ ትራንስፈሪን የምንለው።

ቤታችሁ እንቁላል ስትሰብሩ ያን የሚያሟልጭ ነጭ ልብ ብላችሁ እዩት። ቅርፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ባክቴሪያ ሊያልፍበት ይችላል። ከውጭ የገባ ባክቴሪያ አስኳሉ ጋር ከመድረሱ በፊት በነጩ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ እዚያ ደግሞ ልቅ ብረት የለም። ጫጩቷ የምትጠበቅባቸው መላዎች ብዙ ናቸው፤ ጠላትን ከብረት ማስራብ አንዱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ባክቴሪያው ውስጥ እንግባ። ዲኤንኤውን እንደ ትልቅ መጽሐፍ አስቡት። በመጽሐፉ ውስጥ ጂን የምንላቸው መመሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል። መመሪያው ሁሉ ባንድ ጊዜ አይነበብም፤ የሚያስፈልገው ይከፈታል፣ የማያስፈልገው ይዘጋል። ብረት የሚለቅሙ፣ ብረት የሚነጥቁ፣ ብረት ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ፕሮቲኖች መመሪያም እዚያው አለ። በእነዚህ መመሪያዎች ደጃፍ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ፈር ይባላል። በ1981 ጀርመናዊው ተመራማሪ ክላውስ ሃንትከ ፈር የጎደለውን ኢ ኮላይ ሲያጠና፣ ባክቴሪያው ብረት በሽ ሆኖለት እንኳ ብረት መሰብሰቡን እንደማያቆም አየ። በ1987 ደግሞ አን ባግና ጆን ኒላንድስ የዘበኛውን አሠራር አሳዩ።

አሠራሩ ቀላልና ድንቅ ነው። በባክቴሪያው ውስጥ በቂ ብረት ሲኖር፣ ብረቱ ራሱ ሄዶ ፈር ላይ ይቀመጣል። ብረት የጨበጠ ፈር ቅርጹ ይለወጣል፤ በዲኤንኤው ላይ 19 ፊደል ያህል ርዝመት ያለውን ምልክት ፈልጎ ይጨብጣል፤ ከምልክቱ ቀጥሎ ያለውን ጂን የሚያነብ እንዳያልፍ በሩን ይዘጋል። ብረት ሲጠፋ ደግሞ በዘበኛው እጅ ያለው ብረት ይወድቃል፤ ባዶ እጁን የቀረው ፈር ደጃፉን ለቆ ይሄዳል፤ በሩም ይከፈታል። ኢ ኮላይ ውስጥ በዚህ ዘበኛ የሚታዘዙት ጂኖች ወደ 100 ይጠጋሉ።

«ብረት ይህን ያህል የሚያስፈልገው ከሆነ በሩን ሁልጊዜ ከፍቶ ቢሰበስብ ምን ነበር?» ትሉ ይሆናል። ማር ሲበዛ ይመራል። በሴል ውስጥ ልቅ ሆኖ የተጠራቀመ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ እጅግ ቁጡ የሆነ የኦክስጅን ዝርያ ይፈጥራል፤ እሱም ዲኤንኤን ይቆራርጣል፣ ያገኘውን ያቃጥላል። ነጭ የደም ሴሎቻችን ባክቴሪያን የሚወጉበት አንዱ መሣሪያ ደግሞ ይኸው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ብረት ያነሰው ባክቴሪያ በረሃብ ይሞታል፤ ብረት የበዛበትም በገዛ ብረቱ ይቃጠላል። ዘበኛው በሁለቱ ሞቶች መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ነው የሚጠብቀው።

በሩ ሲከፈት የሚወጣው የመጀመሪያው መሣሪያ ሲደሮፎር ይባላል፤ ቃሉ ግሪክኛ ነው፣ ብረት ተሸካሚ ማለት ነው። ባክቴሪያው ይህን ትንሽ ሞለኪውል ሠርቶ ወደ ውጭ ይልከዋል። ሞለኪውሉ ብረት ካገኘ አንቆ ይይዘዋል፤ ከትራንስፈሪን ክንድ እንኳ ይነጥቃል፤ ከዚያ ወደ ባክቴሪያው ተመልሶ ለእሱ ብቻ በተበጀ በር ይገባል። የኢ ኮላይ ሲደሮፎር ኢንቴሮባክቲን ይባላል፤ እስካሁን ከሚታወቁት የብረት ያዦች ሁሉ ጉልበተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሰውነታችንም ዝም አላለም። ነጭ የደም ሴሎቻችን ሊፖካሊን 2 የተባለ ፕሮቲን ያወጣሉ፤ እሱም ኢንቴሮባክቲንን ከነብረቱ መንገድ ላይ ይቀማዋል። ታይፎይድ የሚያመጣው የሳልሞኔላ ወገን ግን ለዚህም መላ አበጅቷል። ኢንቴሮባክቲኑ ላይ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር ይለጥፍበታል። ስኳሩ ስላሰፋው በሊፖካሊን መዳፍ ውስጥ አይገጥምም፤ ሾልኮ ያልፋል። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ደግሞ ሲደሮፎር መሥራቱንም ትቶታል፤ የሰውን ትራንስፈሪን ለይቶ የሚያውቅ መያዣ በቆዳው ላይ አለው፤ ተሸካሚውን አስቁሞ ብረቱን እዚያው ያራግፈዋል። መያዣው የሚገጥመው ለሰው ትራንስፈሪን ነውና፣ ይህ ባክቴሪያ ከሰው ሌላ የሚያሳድደው ባለመኖሩ ውስጥ ይህም ድርሻ አለው።

ከዘረፋው ጎን ቁጠባም አለ። ነሐሴ ሲጋመስ፣ ያለፈው ዓመት እህል ወደ ጎተራው ወለል ሲወርድ፣ አዲሱ ገና አረንጓዴ ሲሆን፣ የቤት እመቤት የምታደርገውን ታውቃላችሁ። ጠላ መጥመቁ ይቀራል፤ ድግስ ይቀራል፤ ያለው እህል ለልጆች ጉርስ ይቀመጣል። ባክቴሪያም እንዲሁ ያደርጋል። ፈር ደጃፉን ሲለቅ ከሚከፈቱት ጂኖች አንዱ ፕሮቲን አይሠራም፤ 90 ፊደል ያህል ብቻ ያላትን ራይቢ የተባለች ትንሽ አር ኤን ኤ፣ ማለትም የዲኤንኤ ቅጂ የሆነች ክር ይሠራል። ኤሪክ ማሴና ሱዛን ጎተስማን በ2002 እንዳሳዩት፣ ይህች ትንሽ ክር ብረት የሚያባክኑ፣ ላሁኑ ሊቆዩ የሚችሉ ፕሮቲኖችን የሥራ ትእዛዝ እየፈለገች ታስቀራለች። የተረፈው ብረት ያለሱ መኖር ለማይቻልበት ሥራ ብቻ ይውላል።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራነው ስለ ረሃብና ስለ ዘረፋ ነው። አሁን የምነግራችሁ ከዚያ የከፋ ነው። የብረት እጦት ለባክቴሪያው ወሬ ነጋሪም ነው፤ የት እንዳለ ይነግረዋል። በዙሪያው ብረት ድንገት ሲጠፋ፣ ባክቴሪያው ሕያው ሰው ውስጥ መግባቱን የሚያመለክት ምልክት ደረሰው ማለት ነው። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ዲፍቴሪያ ነው።

ዲፍቴሪያ የያዘው ሕፃን ጉሮሮ ሲታይ፣ በቶንሲሉ ላይ ግራጫ ሽፋን ተለጥፎ ይገኛል፤ ሊላጥ ሲሞከር ይደማል። አንገቱ ያብጣል። ሽፋኑ እየሰፋ ሲሄድ አየር ያሳጣዋል። ባክቴሪያው ራሱ ከጉሮሮ ብዙም አይርቅም፤ የሚያመነጨው መርዝ ግን በደም ተጉዞ ልብንና ነርቭን ይመታል። የመርዙ አንዲት ሞለኪውል ሴል ውስጥ ከገባች ያ ሴል ፕሮቲን መሥራት አቅቶት ይሞታል።

በ1930ዎቹ ክትባት ለመሥራት ይህን መርዝ በብዛት ማምረት የሚፈልጉ ሰዎች አንድ ነገር ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ባክቴሪያው አንዳንዴ መርዝ ያፈልቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ በደንብ አድጎም መርዙ የለም። በ1936 አሜሪካዊው አልዊን ፓፔንሃይመር ከባልደረባው ጋር ምክንያቱን አገኘ፤ ብረት ነው። መረቁ ውስጥ ብረት ሲበዛ መርዙ ይቆማል፤ ብረቱ ሲመናመን መርዙ ይጎርፋል። ከዓመታት በኋላ ዘበኛው ተገኘ፤ ስሙ ዲቲኤክስአር ይባላል፤ ሥራው እንደ ፈር ነው። ብረት ሲይዝ የመርዙን ጂን ደጃፍ ይዘጋል፤ ብረቱ ሲወድቅበት ይለቃል።

ይበልጥ የሚገርመው የመርዙ ጂን የባክቴሪያው የራሱ አለመሆኑ ነው። ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ይዞት የገባ ጂን ነው። ቫይረሱ ያልያዘው የዲፍቴሪያ ባክቴሪያ ይህን መርዝ አይሠራም። እንግዳው ጂን ግን ለባለቤቱ ዘበኛ ይታዘዛል፤ ዘበኛው ደግሞ ለብረት።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ልጆቻችሁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚወጉት፣ ከ2007 ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ ይህ የዲፍቴሪያ መርዝ መርዝነቱ ተሰብሮ ይገኛል። የልጃችሁ አካል መርዙን አስቀድሞ እንዲያውቀው የሚያደርገው እሱ ነው። ሦስቱም ቀጠሮ ሳይጓደል ይሞላ። ብረት በመመጠን መርዝ ማምረት የተቻለበት ዕውቀት ዛሬ ለልጆቻችን ጋሻ ሆኗል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። ሰውነታችን በሕመም ጊዜ ብረቱን ሲቆልፍ፣ እኛ ከውጭ ብረት ብናፈስ ምን ይሆናል? በ1978 የታተመ አንድ ጥናት የብረት እጥረት የነበረባቸውን 137 የሶማሌ አርብቶ አደሮች ተከታትሎ ነበር። ከፊሎቹ የብረት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከፊሎቹ ብረት የሌለበት አምሳያውን ወሰዱ። ብረት ባልወሰዱት ዘንድ 7 ጊዜ ኢንፌክሽን ታየ፤ በወሰዱት ዘንድ 36 ጊዜ። ወባ፣ ብሩሴሎሲስና ሳንባ ነቀርሳ፣ ተደብቀው የነበሩት፣ ከብረቱ ጋር ቀና አሉ።

ሌላው በ2009 በአሜሪካ ቺካጎ የደረሰው ነው። አንድ ተመራማሪ በላቦራቶሪው የሚያጠናው የቸነፈር ባክቴሪያ ብረት የሚለቅምባቸውን ጂኖች ያጣ፣ ስለዚህም ደካማ ተብሎ የሚታወቅ ዝርያ ነበር። ሰውን ይገድላል ተብሎ አይጠበቅም። ተመራማሪው ግን በዚያው ባክቴሪያ ታሞ ሞተ። በኋላ ሲመረመር፣ በዘር የሚወረስ፣ ብረት በአካል ውስጥ ከልክ በላይ የሚያከማች ሕመም ኖሮበት ሳይታወቅ ቆይቷል። ባለሙያዎች የሰጡት ማብራሪያ፣ ባክቴሪያው ራሱ መስረቅ ያቃተውን ብረት አካሉ በገፍ አቅርቦለት ይሆናል የሚል ነው።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት መመሪያም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ልጁ ገና ሲገባ ብረት አይሰጠውም፤ ኢንፌክሽኑ ተይዞ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ ክብደት መጨመር ሲጀምር ነው የሚጀመርለት።

ታዲያ እንዳትሳሳቱብኝ። ብረት ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። የደም ማነስ እናቶችን ይጎዳል፤ የልጆችን ዕድገትና ትምህርት ያጓትታል። ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል የሚሰጣችሁን የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል በታዘዘላችሁ መሠረት ሳታቋርጡ ውሰዱ። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ አጎበሩን አትርሱ። ለሕፃን ልጃችሁ ግን፣ በተለይ ትኩሳት ላይ እያለ፣ ከጎረቤት የተረፈ ወይም በራሳችሁ የገዛችሁትን የብረት ሽሮፕ አትስጡት። መቼ እንደሚጀመር ባለሙያው ይንገራችሁ።

ይህ ዕውቀት ለመድኃኒትም መንገድ ከፍቷል። ባክቴሪያው ሲራብ ለሲደሮፎሩ የሚከፍታትን በር ታስታውሳላችሁ። በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ሴፊዴሮኮል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብረት አንጠልጥሎ በዚያችው በር ይገባል። ባክቴሪያው ብረት አገኘሁ ብሎ በገዛ እጁ የሚገድለውን ያስገባል። ሌሎች መድኃኒቶችን የለመዱ ግትር ባክቴሪያዎችን ለመታገል ታስቦ የተሠራ ነው። ሰውነታችን ብረቱን ቆልፎ ጠላቱን ስላስራበው፣ ረሃቡ ራሱ ለመድኃኒቱ በር ይከፍታል።

እንግዲህ፣ ጥያቄውን ያደረስሽን እህቴ፣ ልጅሽ ትኩሳት ላይ በነበረባቸው ቀናት ጉበቱ ጎተራውን ቆልፎ ነበር። በሳንባው ውስጥ ባክቴሪያው ደጃፍ ደጃፉን እያንኳኳ፣ ጂኖቹን እየከፈተ ብረት ይፈልግ ነበር። ሐኪሙ ለልጅሽ ብረት አልነፈገውም፤ ሌባው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ጎተራው እንዳይከፈት ነው ያደረገው። አሁን ልጁ አገግሟል። ቀጠሮሽን አክብረሽ ሂጂ፤ አሁን የሚገባው ብረት የልጅሽ ነው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)